ጉድጓድ ውስጥ የገባው ጠበል

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። የሚያዙብኝን ስግደት ፈርቼ ነው፤ እውነቱ ይኸው ነው። ለማላውቅህ ለአንተ ልናዘዝ።

ዶሃ ውስጥ ሥራዬ ኤሌክትሮድ የታሰረበት ኬብል ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ ነው። ከሥር ያለው መሬት ኤሌክትሪክን ምን ያህል እምቢ እንደሚል በየሜትሩ እንለካለን። ጉድጓዱ ግን መርጠብ አለበት፤ ኤሌክትሮዱ ደረቅ ድንጋይ ከነካ ቁጥሩ ይቀባጥራል።

ያን ቀን ከዶሃ ወጣ ብሎ አል ዋክራ ነበርን። እኔ ከአገር ቤት ከተመለስኩ ገና ሦስተኛ ቀኔ ነው። የውሃ ቦቴው ቀረ፤ የምንጠጣውንም ጠጥተን ጨርሰናል። ኢንጂነሩ "ያላ፣ ቶሎ በል! ዛሬ ካልለካን ኸላስ፣ አለቀልን!" እያለ ያፈጥብኛል። መኪናው ውስጥ የቀረው አንድ ጀሪካን ጠበል ብቻ ነበር። የስንዱ እናት "ለልጄ ጉልበት" ብለው እያለቀሱ ያስያዙኝ ነው። ስንዱ የሰፈሬ ልጅ ናት፤ እዚሁ ዶሃ፣ አል ቱማማ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፣ ደረጃ ስትወለውል ጉልበቷን ታማለች።

ደፋሁት። ማንም አልደፋውም፣ እኔ ነኝ። አማትቤ ደፋሁት፤ ማማተቤ ኃጢአቱን ያቀለለው ይመስልሃል? ቁጥሩ ወዲያው ሰከነ። ኢንጂነሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እኔም፣ አፈር ልብላና፣ ኮራሁ።

ከዚያ ጀሪካኑን ከካምፓችን ቧንቧ ሞላሁት። ዓርብ ለስንዱ ሰጠኋት። ተሳለመችው፤ እኔ ቆሜ አየኋት።

በሳምንቱ ደወለች። "ወንድምዓለም፣ ዳንኩልህ እኮ! ማዳም ራሷ ሹግልሽ፣ ሥራሽ ፈጠነ አለችኝ!" ምርቃቱን አዥጎደጎደችው። ምን አልኩ? አሜን አልኩ!

ትናንት ደግሞ "የተረፈውን ለእማዬ ልልክላት ነው፣ ለደም ግፊቷ" አለችኝ። "ይሄ እያለ ኪኒን ምን ያደርግላታል? ተይው ብያታለሁ።"

የዶሃ ቧንቧ ውሃ ጠበል ተብሎ አገር ቤት ሊገባ ነው! መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ የእናቷ ኪኒን ትዝ አለኝና ሳቄ ጠፋ። "ኪኒኑንማ አያቋርጡ" ብላት "አንተ ድሮም እምነት የለህም" ብላ ዘጋችብኝ።

ብነግራት ጉልበቷ ተመልሶ ይያዝ ይሆናል። ዝም ብል እናቷ በእኔ ጦስ ይሞታሉ። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ሳመዛዝን አደርኩ፤ የሚመዘን ነገር ያለ ይመስል!

ይህን በስልኬ የምጽፍልህ የስንዱ ማዳም በር ላይ ቆሜ ነው። ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። የበደልኳት ከአጥሩ ወዲያ እየዘፈነች ደረጃ ትወለውላለች፤ እኔ ደግሞ ደወሉን መጫን አቅቶኛል።