ከህንዱ ጋር በአንድ ሰንሰለት

አልዩ አምባ ገበያ ላይ ጨው ስሸጥ ያዙኝና ሽቅብ ወደ አንኮበር ነዱኝ። «ቆላ ለሸፈተው ባላባት መልእክት ታደርሳለህ» ተባልኩ። ወላሂ፣ ያን ሰውዬ በዓይኔ አይቼው አላውቅም! ከሳሼ ገበያዬን ሲመቀኝ የኖረ አንድ ቦርጫም ጨው ነጋዴ ነው።

እስር ቤቱ ገደሉ ጥግ የተቆፈረ ጎሬ ነበር፤ ቆሞ መሄድ የለም። ያኔ ነገሩ እስኪጣራ ከሳሽና ተከሳሽ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይቆራኛሉ። የኔው ጉድ ግን «አሞኛል» ብሎ ቀረ። በእሱ ፋንታ፣ ይኸው ቦርጫም «ሰላይ ነው» ብሎ ካሳሰረው አንድ ህንድ ነጋዴ ጋር ቆራኙኝ፤ የእኔ ቀኝ ከእሱ ግራ።

ዘበኛው ቆሎ ሲያቀብለን ይስቃል። «ከዚህ ጎብጦ ያልወጣ የለም። ጎባጣ ደግሞ ድንጋይ ለመሸከም ይመቻል!»

ምሕረት የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ ተንበርክኮ «አጥፍቻለሁ» ይላል። እኔን ያስፈራኝ ይሄው ነው። ያልሠራሁትን አምኜ፣ ጎብጬ፣ በልጆቼ ፊት!

በማግስቱ ጠዋት ህንዱ ተንበረከከና ወደ ኋላ ተለጠጠ። ደረቱ ወደ ጣሪያ፣ አናቱ ተረከዙ ላይ! እጄንም ይዟት ሄደ።

«ኧረ በአላህ! ልትገድለኝ ነው?»

«ተንፍስ» አለኝ በተሰባበረ አረብኛ። «የእርግብ አቀማመጥ ነው። ደረቷን ስትነፋ አላየህም?»

«እርግብ ብሎ ዝም!»

ግን ምን ምርጫ አለኝ? እሱ ሲለጠጥ እኔም እለጠጣለሁ። መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ኋላ ተሳደብኩ፤ ክረምቱ ሲወጣ አናቴ ተረከዜን ነካ።

የፍርዱ ቀን ግቢው በሰው ሞልቷል። ሚስቴና ልጆቼ ከፊት ቆመዋል። ዳኛው «ድንጋዩን ተሸከሙ፤ ተንበርከኩ!» አሉ። ተንበረከክን። ቦርጫሙ ፈገግ አለ።

ህንዱ ሰንሰለቱን ነካ አደረገልኝ። ሁለታችንም ወደ ኋላ ተለጠጥን። ድንጋዮቹ ከትከሻችን ተንሸራተው ዱብ ዱብ አሉ። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት! እንደዚያ ቀን ሰማይ አምሮ ታይቶኝ አያውቅም።

ቀና ብዬ «ጌታዬ፣ ያጠፋሁት የለም» አልኩ። «ወደ ጎሬው ልመለስ። ግን እንደ ደንቡ ከሳሼ ይቆራኘኝ፤ ስለጠጥ አብሮኝ ይለጠጥ።»

ዳኛው ኩታቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ሳቃቸውን ዋጡና ወደ ቦርጫሙ ዞሩ።

«በል እጅህን አምጣ።»

ቦርጫሙ ሰንሰለቱን አየ፤ ሆዱን አየ። «እኔ… ክሴን ትቻለሁ። የሁለቱንም!»

አልሐምዱሊላህ! የዚያን ቀን ቀጥ ብዬ፣ ልጆቼን በግራ በቀኝ ይዤ ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ። ህንዱም ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወደ ባሕሩ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

አሁን አርጅቻለሁ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ግን ዛሬም ተንበርክኬ እለጠጣለሁ። ቀኝ እጄን ወደ ጎን እዘረጋታለሁ፤ የእሱ ቦታ ናት።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ወገብህ ሊቀጭ ነው! ብቻህን ወድቀህ እንዳትቀር!» ትላለች ሚስቴ።

«ብቻዬን አይደለሁም» እላታለሁ።