የአዴ ሚስራ ማዘዣ ወረቀት

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ጭሮ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት ፋርማሲ። ዲግሪዬንና የሙያ ፈቃዴን በፕላስቲክ ይዤ ገባሁ። ባለቤቱ ጋሽ ነስሩ ነጭ ጋዋን ሰጡኝ። እጅጌው ስለረዘመብኝ ሁለት ጊዜ አጠፍኩት።

«ድምፅሽ ይሄው ነው?» አሉኝ።

«ይሄው ነው።»

«ይሁን። ፋርማሲ ውስጥ የሚጮኽ ሰው አልወድም።»

የክኒን መቁጠሪያውን ትሪ፣ የወረቀት ከረጢቶቹን፣ «ተሰጥቷል» የሚለውን ማህተምና ቁልፍ ያለውን መሳቢያ አሳዩኝ። መሳቢያው ውስጥ እንደ ትራማዶል ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ይቀመጣሉ። ያለ ሐኪም ማዘዣ አይወጡም። ማዘዣውም የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ ነው፤ ማህተም ይመታበትና ፋርማሲው ዘንድ ይቀራል።

«ደንቡ እሱ ነው» አሉ ጋሽ ነስሩ። «እዚህ ግን ሰው ወረቀቱን አይለቅም። ካርድ አውጥቶ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፎ ያገኘው ነው። ከያዝሽበት ተመልሶ አይመጣም። እንግዲህ እያየሽ ነው።»

ምን እያየሁ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። አፈርኩና ተውኩት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምፈራው ከሚኤሶ መስመር የሚመጡትን ወጣት ሹፌሮችና ረዳቶች ነበር። የመድኃኒቱን ስም እንኳ አይጠሩም፤ «ያቺን ባለ ሁለት ቀለሟን» ይላሉ። ማዘዣ ስጠይቃቸው ይስቁብኛል፤ አንዱማ «እናትሽ ፖሊስ ናት እንዴ?» ብሎኛል። ራሴን እነቀንቃለሁ፣ እነሱም ተሳድበው ይሄዳሉ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው መከልከል ቀላል ነበር። በዚያም ሥራዬን የማውቅ መሰለኝ።

አዴ ሚስራ የመጡት በሁለተኛው ወር ነው፤ «አዴ» እዚህ የእናቶች የአክብሮት መጠሪያ ነው። ጉልበታቸው አብጦ ልጃቸው አብዲ ደግፏቸው ገቡ። አብዲ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ሐኪሙ ትራማዶል፣ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ፣ ለአሥር ቀን ብሎ አዟል። ቆጥሬ፣ ከረጢቱ ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው።

«ወረቀቴስ?» አሉ አዴ ሚስራ።

ማህተሙን አንስቼ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ሲጠብቁ እንቢ ማለት አቃተኝ። ማህተሙን አስቀምጬ ወረቀቱን መለስኩላቸው። እጥፍጥፍ አድርገው በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት።

በአሥረኛው ቀን አብዲ ብቻውን መጣ። «እህቴ፣ እናቴ ናት የላከችኝ» ብሎ ያንኑ ወረቀት ዘረጋ። ሽማግሌ ሲገባ ተራውን ይለቃል፤ አይጣደፍም፤ እኔን ደግሞ ጮክ ብለሽ ተናገሪ አይለኝም። ሰጠሁት። ከአሥር ቀን በኋላም ሰጠሁት። ባጠቃላይ አራት ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። ጋሽ ነስሩንም «እንዲህ እናቱን የሚጦር ልጅ አላየሁም» ብያቸዋለሁ።

በሦስተኛው ጊዜ ክንዱን ሲያክ አየሁት። የዓይኑ ብሌን ደግሞ እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቦ ነበር። ጫት ነው ብዬ አለፍኩት። ጫት ብሌን ያሰፋል እንጂ አያጠብም። ይህን አውቃለሁ፤ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ጠዋት አዴ ሚስራ በዱላ እየተደገፉ ብቻቸውን ገቡ። ወንበር ሰጠኋቸው።

«ልጄ፣ ቆሪቻው መቼ ይመጣል?» አሉ፤ መድኃኒቱን ማለታቸው ነው። «አብዲ ቆሪቻው ከከተማው ጠፋ አለኝ። የመጀመሪያው ካለቀ ወዲህ ሌሊት አልተኛሁም። እሱ ምስኪን በየቀኑ እየዞረ ይጠይቅልኛል።»

«ጉልበትዎን ሐኪም እንደገና ይየው» ብቻ አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ለጋሽ ነስሩ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ሰው ወረቀቱን አይለቅም ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«ፈቃዱ ያለው በእኔ ስም ነው» አልኩ። «የሰጠሁትም እኔ ነኝ።»

«ከዛሬ ጀምሮ አትመልሺ። የሚቀር ደንበኛ ይቅር።»

ዕለቱ አሥረኛው ቀን ስለነበር አብዲ እንደሚመጣ አውቄ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባጃጁን በሩ ላይ አቁሞ ገባ። ወረቀቱን ተቀበልኩትና ማህተሙን መታሁበት።

«ምነው እህቴ? የእናቴ ነው እኮ!»

«እናትህ ዛሬ ጠዋት መጥተው ነበር።»

ፈገግታው ጠፋ። «በእግሯ?»

«በእግራቸው። መድኃኒቱ መቼ ይመጣል ብለው ጠየቁኝ።»

ወደ ባጃጁ ዞሮ ቆየ። «ምን አልሻት?»

«ምንም። አንተ በቀን ስንት ትወስዳለህ?»

ከተዋወቅን ጀምሮ የጠየቅኩት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር። የነገረኝን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም። የጀመረው ባጃጁ ተገልብጦ ትከሻውን ሲያመው ነው፤ ከእናቱ ከረጢት አንድ ወስዶ። አሁን የእኔ አይበቃውም፤ ያንኑ ወረቀት ይዞ ሚኤሶ ፋርማሲዎች ድረስ ይወርዳል።

«ማንም አይጠይቀኝም» አለ። «ማህተም የለበትማ።»

ደነገጥኩ፤ ግን ቀጠልኩ። «ባንዴ አታቁመው፣ ያምሃል። ሐኪም እየቀነሰ ነው የሚያስተውህ። ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ይህን የሚያይ ባለሙያ አለ። ነገ አንድ ሰዓት ተኩል በሩ ላይ እጠብቅሃለሁ።»

«ከተማው ሁሉ ባጃጄን ያውቃል። እዚያ ሲያዩኝ አብዲ አበደ ነው የሚሉት።»

«የእናቱን ጉልበት ሊያሳይ መጣ ነው የሚሉት። እሳቸውንም አምጣቸው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምታወሪው?» አለና ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ለእሷ ግን እንዳትነግሪያት።»

«እኔ አልነግራቸውም። የምትነግራቸው አንተ ነህ።»

ወጥቶ ባጃጁን አስነሳ። ወረቀቱ እኔ ዘንድ ቀረ።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው። ማዘዣው ይቀራል። መድኃኒቱን የሚወስደው ማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ ተላኪው ትሑት ቢሆንም ይጠየቃል። እኔ የፈራኋቸውን ሹፌሮች ከልክዬ ያከበርኩትን ልጅ ጎዳሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ሆስፒታሉ በር ላይ ቆምኩ። ሰዓቱ አለፈ። ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የአብዲ ባጃጅ ዳገቱን ወጥቶ መጣ። ከኋላ አዴ ሚስራ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው አብጧል። ሲወርዱ በአንድ እጃቸው ዱላቸውን፣ በሌላው የልጃቸውን ክንድ ጨብጠው ነበር። እኔን አላዩኝም፤ ወይም ማየት አልፈለጉም። ወደ ካርድ ክፍሉ ቀድሜ ሄጄ ተሰለፍኩ።

«ስንት ካርድ?» አለ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሠራተኛ።

ነገርኩት።

«አልሰማሁሽም፣ ስንት?»

«ሁለት» አልኩ ጮክ ብዬ። «ለእናትና ለልጅ።»