አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረበት ምርጫ

በቅርቡ እናቴን ልጠይቅ ነቀምት ሄጄ፣ በልጅነቴ በተማርኩበት ትምህርት ቤት አጥር ስር ሳልፍ፣ ካፊያ የነካው አዲስ የኖራ ቅብ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና እግሬ ባለበት ቆመ። ያ ሽታ ለእኔ የትምህርት ሽታ አይደለም። አባቴ ፊቱን ወደ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ አዙሮ የቆመበት ቅዳሜ ሽታ ነው።

ሰፈራችን ወደ ኡኬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከተማው አልቆ ገጠሩ ገና ያልጀመረበት ቦታ ላይ ነበረች። ከላይ በኩል ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች፣ ከታች በኩል አናጺዎችና የቀን ሠራተኞች፣ መሃል ላይ ደግሞ ከሸዋና ከጎጃም ተመድበው የመጡ ተከራይ መምህራን ይኖሩባታል። የላዮቹ የመንገድ መብራት ይፈልጋሉ፤ የታቾቹ ውሃ፤ ተከራዮቹ ከዝውውር በቀር ምንም አይፈልጉም። እሑድ አብዛኛው ሰው ጸሎት ቤት ተሰብስቦ በአፋን ኦሮሞ ይዘምራል፤ እናቴ ግን ወላጆቿ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ነበሩና ነጠላዋን አጣፍታ ማርያም ትሳለማለች። አባቴ የአገሩ ተወላጅ ነው። ቤታችን በሁለት ቋንቋ ይስቅ፣ በሁለት ቋንቋ ይቆጣ ነበር።

ለከተማው ምክር ቤት የሰፈሩ ተወካይ ይመረጥ ሲባል፣ ሰው ሁሉ «ባርሲሳ»፣ መምህር እያለ የሚያከብረው አባቴ መወዳደሩ ማንንም አላስገረመም። ያስገረመው ተፎካካሪው ነው። አዴ ኩሜ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ከአኖ ገበያ ቅቤ እያመጡ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ከጓሯቸው እስከ አስፋልቱ የሚሰማ፣ የቦኖ ውሃ ጠባቂው ሲያሻው በዘጋ ቁጥር ጀሪካናቸውን በሩ ላይ ገትረው እስኪከፍት ድረስ የሚሟገቱ ሴት።

አባቴ ንግግሩን በሁለቱም ቋንቋ ጽፎ መስታወት ፊት ይለማመድ ጀመር። እኛ ልጆቹ «የተከበራችሁ ነዋሪዎች» የምትለዋን መግቢያ በቃላችን ይዘን ምሳ በቀረበ ቁጥር እንቀልድባታለን፤ እናቴም አብራን ትስቃለች። የምርጫው ዕለት ጠዋት ኮቱን በከሰል ካውያ የተኮሰችለትም፣ ክራባቱን ያቃናችለትም እሷ ናት።

በዚያን ጊዜ በእኛ ሰፈር የሚመረጠው በወረቀት አልነበረም። ተወዳዳሪዎቹ ማን እንደመረጣቸው አይተው እንዳይቀየሙ ፊታቸውን ወደ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ፤ ሕዝቡ ሜዳው ላይ በሚፈልገው ሰው ጀርባ ይሰለፋል። ግድግዳው ለዕለቱ ተብሎ የተቀባው ኖራ ገና አልደረቀም፤ ካፊያም ነበረ። የላዮቹ አባቴ ጀርባ ተሰለፉ፣ የታቾቹ አዴ ኩሜ ጀርባ፤ ተከራዮቹ ዛፍ ወደሚያስጠልለው ሰልፍ አዘነበሉ። እኔና ታናሽ ወንድሜ አጥሩ ላይ ወጥተን እናያለን።

በመጨረሻ እናቴ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት፤ የት እንደምትሄድ የታወቀ ነገር ነበርና። እሷ ግን ሜዳውን አቋርጣ፣ አባቴን ከነሰልፉ አልፋ፣ ከአዴ ኩሜ ሰልፍ መጨረሻ ቆመች። ሜዳው ጭጭ አለ። አንድ ሽማግሌ የተሳሳተች መስሏቸው ጠጋ ብለው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የባልሽ ሰልፍ ያኛው ነው» አሏት። አውቃለሁ በሚል ዓይነት ራሷን ነቀነቀች፤ ከቦታዋ ግን አልተነቃነቀችም። ወንድሜ እጄን ጨምቆ ያዘኝ። አባቴ ያንን ዝምታ ሰምቷል፤ ትከሻው ሲደርቅ አይቻለሁ፤ ደንቡን አክብሮ ግን አልዞረም።

ዙሩ ሲባል ዞረ። ዓይኑ ያረፈው በሰልፉ ርዝመት ላይ አልነበረም፤ እሷ ላይ ነው። የፊቱ ደም ሲሸሽ ከአጥሩ ላይ ሆኜ አየሁት። አዴ ኩሜም ማሸነፋቸውን ረስተው፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው እናቴን ያያሉ።

ቤት ገብተን አባቴ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ይጮሃል ብለን ስንጠብቅ ቀስ ብሎ፣ «እቤት ብትነግሪኝ ምን ነበር?» አላት።

«ብነግርህ አትወዳደርም ነበር» አለችው። «ለቤቴ አንተን መርጫለሁ። ውሃ የምታመጣልኝ ግን እሷ ናት።»

ከዚያ ኮቱን አውልቆ እጁን ታጠበና እንደ ወትሮው ከአንድ ትሪ ተበላ። ቁስሉ ቶሎ የዳነ እንዳይመስላችሁ፤ ሰፈሩ በነገሩ ሲቀልድ ከርሟል፣ እሱም ከዚያ ወዲያ ክራባት አላሰረም። ቢሆንም አዴ ኩሜ ተሟግተው ታች ሰፈር ሁለተኛው ቦኖ ሲተከል፣ ከሁሉ ቀድሞ ሄዶ እጃቸውን የጨበጣቸው አባቴ ነበር።

ዛሬ አባቴም አዴ ኩሜም የሉም። ሜዳው ላይ ፎቅ ተሠርቶበታል። ከታች ሰፈር ብዙዎቹ ቤታቸውን ሸጠው ሄደዋል፤ የቀሩትም ሰላምታቸው አጭር ሆኗል። ይህን ሁሉ በመጣሁ ቁጥር ሳየው ቆይቻለሁና ለምጄዋለሁ።

የኖራው ሽታ ባቆመኝ ዕለት ማታ ግን እራት በልተን ከእናቴ ጋር ለብቻችን ተቀምጠን ሳለ፣ እንደ ቀልድ፣ በሚመጣው ምርጫ ማንን እንደምትመርጥ ጠየቅኋት። በሰው ሁሉ ፊት ያንን ሜዳ ያቋረጠችው እናቴ ደንግጣ አየችኝ። ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፣ ወደ ውጭ ግራና ቀኝ ተመለከተች፣ በሩን ዘግታ ቀረቀረችው። አሁን ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኋት።

ተመልሳ ተቀመጠችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የልጆቼን ትምህርት ጠየቀችኝ።