ከቁርጥራጭ የተሠራው ፈረስ

ታላቅ እህቴ እንጅባራ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጥር ሲቃረብ ደንበኞቿ ፈረስ ጋላቢዎች ይሆናሉ፤ በጥር ለሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ፈረሶቻቸውን የሚያለብሱትን ባለቀለም ጨርቅ እሷ ዘንድ ያሰፋሉ። እኔ ቁልፍ መትከል እንኳ የማይሆንልኝ ሰው ነኝና በእጇ እቀና ነበር፤ ዛሬም እቀናለሁ።

ከስፌት መኪናዋ ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ አትጥልም። ቀርከሃ ከሚሠራው ጎረቤታችን ስንጥር ትለምናለች፣ ከእናታችን ሰፌድ የተረፈ ስንደዶ ትሰርቃለች፤ ከዚያ ሁሉንም መዳፍ በምታህል ካርቶን ላይ በኮላ ትለጥፋለች። ዶሮ፣ ባጃጅ፣ ዝናብ የሚወርድበት ቆርቆሮ ቤት ትሠራለች። እናታችን «በዚህ ጊዜ ስንት ቀሚስ ይሰፋ ነበር!» እያለች ታጉረመርማለች። ዶሮዋን ቡፌው ላይ ያቆመቻት ግን እሷው ናት።

አንድ ክረምት የአባታችን ፈረስ ታሞ ሞተ። ከዚያ ወዲያ አባታችን ስሙን አያነሱም፤ በደጅ ኮቴ ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞራሉ። ጥር ሲቃረብ ደግሞ «ዘንድሮ አልሄድም» ብለው ቁርጡን ነገሩን። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከበዓሉ ሜዳ ቀርተው የማያውቁ ሰው! እኛም «እንዳሻቸው» ብለን ተቀመጥን።

እህቴ ግን አልተቀመጠችም። ያንኑ ፈረስ ሠራችው። ገላው ከቡናማ ጨርቅ፣ ጋማው ከተተረተረ ጥቁር ክር፣ እግሮቹ ከቀርከሃ ስንጥር። ገና ሳየው ሊራመድ የደረሰ መሰለኝና ፈራሁ።

«አባባን ልታስለቅሻቸው ነው!» ብዬ ተቆጣኋት።

«ያልቅሱ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ወስዳ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። አባታችን ካርቶኑን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ጋማውን፣ ከዚያም እግሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። እኔ መውጫ መውጫውን አየሁ።

«አንች፣ የኋላ ግራ እግሩ ነጭ አልነበረም እንዴ?» አሉ በመጨረሻ።

«ረስቼው ነው አባባ። ሌላስ ምን አጎደልሁበት? ይንገሩኝ።»

እሷ ያን እግር ልትረሳ! ፈረሱን ዘንገና ሐይቅ ድረስ ወስዳ ስታጥበው የኖረች ናት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እህቴን የዚያን ቀን ያደነቅኋትን ያህል ማንንም አድንቄ አላውቅም።

አባታችን ነገሯት። የግንባሩን ነጭ፣ የተሰነጠቀ ጆሮውን፣ ድልድይ ሲያይ እንዴት እንደሚያንገራግር። እሷ መቀሷን ይዛ ትቆርጣለች፣ ትለጥፋለች፤ እሳቸው ይስቃሉ፣ እንባቸውን በጋቢያቸው ይጠርጋሉ፣ ደግሞ ይቀጥላሉ።

በበዓሉ ጧት ጋላቢዎቹ በደጃችን ሲያልፉ አባታችን ዱላቸውን አነሡና በእግራቸው ተከተሏቸው።