መሀሉን ያየች

ሰርካዲስን የፋብሪካ ጓደኞቿ «እንደዛው» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ክፍሉ የሚባለው የስፌት ማሽን ጠጋኝ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ፊልም ሲወራ፣ ተራው ዞሮ ዞሮ እሷ ጋ ሲደርስ መልሷ ሁልጊዜ «እኔም እንደዛው» ነው። ክፍሉ ጥሩ ነው ካለ ጥሩ ነው፤ ሌላዋ ጓደኛቸው ማርቲ ያሰለቻል ካለች ያሰለቻል። ሐሳብ ጠፍቷት አይደለም። ሐሳቡ ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣል፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ግን ተመልሶ ይወርዳል።

ሥራዋ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ መተኮስ ነው። ፊደል ትለያለች እንጂ ከፊልም ግርጌ የሚሮጠውን ጽሑፍ አትደርስበትም፤ ሁለተኛዋን ቃል ሳትጨርስ ሌላ መስመር ይመጣል። ስለዚህ የውጭ ፊልም ስታይ የሰዎቹን ፊት እያየች ታሪኩን ከራሷ ትሞላዋለች። ይህን ያስለመዳት አንድ ሰው ነው። የዚያ ሰው ስም እነሱ ቤት አይጠራም።

ያን ሰኞ የምሳው ወሬ እሁድ ከሰዓት በቴሌቪዥን ስለታየው ፊልም ነበር። አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር፣ ባሏ ከሞተባት ሴት ቤት ገብቶ ይኖራል፤ ሴትዮዋ ትንሽ ልጅ አለቻት። ነገሩ ይኸው ነው። ግን እሁድ መብራት በየሰፈሩ እየተፈራረቀ ሲጠፋ ስለዋለ ፊልሙን እንደ ዳቦ ተካፍለው ነው ያዩት።

«አቦ እኔ መጀመሪያውን ነው ያየሁት» አለች ቤቷ መጋላ ሰፈር የሆነው ዓኒሳ። «ሰክሮ መጥቶ በሩን ሲደበድብ። ወላሂ እኔ ብሆን ውሃ ነበር የምደፋበት! ልክ ልትከፍትለት እጇን ስትዘረጋ ድርግም አለብኝ።»

«ከፍታለታለች» አለ ክፍሉ።

«ውይ! ምን ያለችው ጅል ናት!»

«ለእኔ ደግሞ ሊያልቅ ሲል ነው መብራቱ የመጣልኝ። ሰውዬው የሴትዮዋን ፍሪጅ መኪናው ላይ እየጫነ ነው። ቻው እንኳ አላለም። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ታየዋለች፣ አለቀ።» ክፍሉ ፊልም ሲተች ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ይመታል፣ ፍርድ እንደሰጠ ሰው። «አውሬ ነው። ሌላ ትንታኔ አያስፈልገውም። ማርቲ፣ እናንተ ግቢ ጄኔሬተር አለ፣ ሙሉውን አይተሻል አይደል?»

«አይቻለሁ። ያቺ አረንጓዴ ቀሚሷ ግን ታይዋን ገበያ ትገኝ ይሆን?»

«ፊልሙን ነው የጠየቅንሽ!»

«እኔ ፊልሙን የተከታተልኩት ቀሚስ በቀየረች ቁጥር ነዋ!»

ሳቁ ሲበርድ ክፍሉ ወደ ሰርካዲስ ዞረ። «እሺ እንደዛው፣ አንቺስ? አውሬ ነው አይደል?»

ሳቢያን፣ እነሰርካዲስ ሰፈር፣ መብራት የነበረው መሀሉ ላይ ብቻ ነው። እሷ በሩን ሲደበድብም፣ ፍሪጅ ሲጭንም አላየችም። ያየችው ልጅቷን ትኩሳት ይዟት፣ ሹፌሩ እግሯ ሥር ተቀምጦ የከባድ መኪና ጥሩምባ በአፉ እያስመሰለ ሲያስቃት ነው። እርጥብ ጨርቁን ከግንባሯ ላይ ሲገለብጥላት ሰርካዲስ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

«እኔም...» አለች። «እንደዛው» ሳትል ሳህኗን አንስታ ወደ መታጠቢያው ሄደች።

ዓኒሳ ተከተለቻት። «ሰርኬ፣ እዚያ ሰው ፊት እንዳልነግርሽ ብዬ ነው። ታይዋን፣ ከወንድሜ ከዑግባድ ሱቅ ደጃፍ ሪሞት የሚጠግን ሽማግሌ አለ፣ ኃይለመለኮት የሚሉት። ዓይኑ ብሎን አላይ ስላለው እሁድ ጠቅልሎ ወሎ፣ እህቱ ጋ ሊሄድ ነው። ‹ሰርካዲስን ሳላያት ባልሄድ› ብሎ ላከኝ። ምንሽ ነው?»

«የእንጀራ አባቴ» አለች ሰርካዲስ። ቃሉ አፏ ላይ እንግዳ ሆነባት።

እናቷ ስለ ኃይለመለኮት የምትናገረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሲመጣ ሰካራም ነበር፤ ሲሄድ የልብስ ስፌት መኪናዋን ሸጦ ሄደ። ሁለቱም እውነት ነው። እናቷ የሰፈር ሰው ልብስ እየሰፋች ነበር የምታድረው። መኪናው ከሄደ በኋላ ሰው ቤት እየዞረች ልብስ ማጠብ ጀመረች፤ እጇ እስከ ዛሬ በሳሙናው ይሰነጣጠቃል። ሰርካዲስ ያንን እጅ እያየች ነው ያደገችው፣ ለእናቷም ትፈርዳለች።

መሀል ላይ ግን ቪዲዮ ቤት ነበር። ደቻቱ ወንዝ አጠገብ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሙቀቱ እንደ ዳቦ መጋገሪያ። እሁድ እሁድ ኃይለመለኮት ይዟት ይገባና አግዳሚው ላይ ካስቀመጣት በኋላ የሕንዱን ፊልም በጆሮዋ ያስተረጉምላታል። «አሁን ምን አለ ጋሼ?» ትለዋለች። «እናቱን ሊፈልግ ሊሄድ ነው፣ ግን ርቦታል፣ መጀመሪያ ሊበላ ነው» ይላታል። ሕንድኛ የሚያውቅ ነበር የሚመስላት። ካደገች በኋላ ከነዚያ ፊልሞች አንዱን በአማርኛ ትርጉም ስታየው፣ እሱ ወንድምየው ያላት ሰው የቤት አከራይ ሆኖ ተገኘ። እህቱ ያላትም ጠበቃ ናት። ሁሉንም ከራሱ ነበር የሚፈጥረው! ብቻዋን ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ ሳቁ ሄደባት።

ኃይለመለኮት ወደ ድሬ መመለሱን ከሰማች ቆይታለች። ታይዋን ስትሄድ በዚያ በኩል አታልፍም። ብታገኘው እናቷን የከዳች ይመስላታል፤ ባታገኘውም ደግሞ የከዳችው ሰው ያለ ይመስላታል። አሁን ሊሄድ ነው። ከሄደ አይመለስም።

ማታ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ምስር ትለቅም ነበር፣ ቀና አላለችም። «እግርሽን አላስረውም» አለች። «ከሄድሽ ግን ወሬውን ይዘሽብኝ እንዳትመጪ።»

ሳምንቱ ሙሉ ሸሚዝ ስትተኩስ ሐሳቧ አንድ ነበር፦ ልሂድ ወይስ ልቅር። ዓርብ ምሳ ላይ ክፍሉ ያንኑ ፊልም ዳግም አነሳው፤ ለማያውቅ ሰው ይተርክ ነበር። «አንድ አውሬ ሹፌር...» ሲል፣

«መሀሉን አላየኸውም» አለች ሰርካዲስ።

ማንኪያዎች ቆሙ።

«ልጅቷ ስትታመም አጠገቧ ያደረው እሱ ነው» አለች። «ጥሩምባ እየሆነ ሲያስቃት ነበር።»

«ፍሪጁንስ?» አለ ክፍሉ።

«ፍሪጁንም የወሰደው እሱ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እኔ እንጃ። ሁለቱንም ያደረገው አንድ ሰው ነው። ጥሩ ነው አላልኩም። ግን እኔ ልጅቷን ብሆን በር ላይ ቆሜ ዝም ብዬ አላየውም። ለምን ወሰድከው እለዋለሁ።»

«ወይ ጉድ! እንደዛው አፍ አወጣች!» አለ ክፍሉ። «ግን አልተስማማሁም። ፍሪጅ ፍሪጅ ነው።»

«አቦ ተዋት!» አለች ዓኒሳ። ማርቲም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቀሚስ ሳታነሳ ሰርካዲስን ትክ ብላ አየቻት።

ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ባጃጅ ይዛ ታይዋን ወረደች። ኃይለመለኮት የተቀደደ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ የተከፈተ ሪሞት አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ያያል። ጥላዋ ሲያርፍበት «ሰኞ ሌላ ሰው ፈልጉ፣ እኔ የለሁም» አለ።

«ጋሼ።»

ካቻቪቴውን አስቀመጠ። «ሰርኬ? ድምፅሽ ነው። እስቲ ወደ ብርሃኑ ዙሪልኝ።»

የላስቲክ በርጩማ አቀረበላት። ስለ ሥራዋ ጠየቃት። ከዚያ፣ «ፊልምስ ታያለሽ?»

«አያለሁ።»

«ማን ያስተረጉምልሻል?»

«አንተ ሕንድኛ እንደማትችል ደርሼበታለሁ።»

«አንድ ቃል አላውቅም!» ብሎ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ጥርሶቹ ብዙዎቹ የሉም። እሷም ሳቀች፣ ሳቋ አልፎ ፍርሃቱ ሳይመለስባት ግን ቶሎ ብላ ጠየቀችው፦ «የእማዬን የስፌት መኪና ለምን ሸጥከው?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። አንድ ሰው ሪሞት ይዞ መጣ፤ ኃይለመለኮት በእጁ ወደ ጎረቤቱ መራው። ሰርካዲስ መልስ አዘጋጅታለት ነበር፤ ታሞ ነው፣ ሰው አታሎት ነው፣ የሆነ ነገር። በሆዷ እንዲህ እንዲላት ትለምነው ነበር።

«ምክንያት ልሰራልሽ እችላለሁ» አለ በመጨረሻ። «ታውቂኛለሽ። እዚሁ ቁጭ ብዬ የሚያስለቅስ ታሪክ እፈጥርልሻለሁ። ይሄን ግን አልፈጥርም። እንጀራዋ መሆኑን እያወቅኩ ሸጥኩት። በቃ።»

ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። ግን አልተነሳችም። ጃንጥላውን እስኪያጥፍ ጠበቀችው፣ የመሣሪያ ሣጥኑን ባንድ በኩል ይዛለት እስከ ባጃጁ ሸኘችው። ሲገባ እጇን ያዘ። «ቪዲዮ ቤቱ አሁን ምን ሆነ?» አላት። «የዕቃ መጋዘን» አለችው። ጭንቅላቱን ነቅንቆ ሄደ።

ቤት ስትገባ እናቷ የታጠበ ልብስ ታጣጥፋለች። ሰርካዲስ የእናቷን ቃል አከበረች፤ ምንም አላወራችም። ጫማዋን አውልቃ ከማዶ በኩል የአንሶላውን ጫፍ ያዘች። ሁለቱም ዘርግተው፣ አጥፈው፣ እንደገና አጠፉ። እናቷ አንሶላውን ከእጇ ስትቀበል ዓይኗን ጨርቁ ላይ እንደተከለች ጠየቀች።

«ከሳ?»

«ከስቷል።»

እናቷ አንሶላውን አስቀመጠች፣ በዚያ በተሰነጣጠቀ እጇ ላዩን ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

«ድሮም ካልለመኑት አይበላም» አለች።