ሚያዝያ ከቆርቆሮው ሥር

ፀሐይ ስትበረታ ቆርቆሮ ቀጭ ቀጭ ይላል። አሁን በምኖርበት ባሕር ዳር ጎረቤቴ ቤቱን አዲስ ቆርቆሮ ካለበሰ ወዲህ፣ እኩለ ቀን ላይ ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ ሳላስበው ይከደንና፣ ከይፋግ ወረድ ብላ ባለች መንደር፣ አባቴ ያስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት፣ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እገኛለሁ።

እኛ የደጋ ሰዎች ነበርን። የተወለድሁት ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ነው፤ እዚያ መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ እንኳ ጠዋት ጠዋት እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከትተን፣ ከአፋችን የሚወጣውን እንፋሎት እያየን ነበር ትምህርት ቤት የምንሄደው። አባቴ ርዕሰ መምህር ሆኖ ወደ ታች ሲዛወር፣ እናቴ ወለላ ወባውን ፈርታ ዕቃዋን እያለቀሰች ሸከፈች። እኔና ታናሽ እህቴ ትርንጎ ግን አይሱዙው ላይ በተጫነው ፍራሽ ተቀምጠን፣ ቁልቁለቱን በወረድን ቁጥር ልብሳችንን አንድ በአንድ እያወለቅን፣ ሌላ አገር የምንሄድ መስሎን እየሳቅን ተጓዝን።

ኅዳርና ታኅሣሥ መልካም ነበሩ። ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ሲራቆት ነጫጭ ወፎች ይሰፍሩበት ነበር፤ ጎረቤታችን ዝና፣ ስድስተኛ ክፍል የምትማር ረጅም ልጅ፣ እኔንና ትርንጎን ግራና ቀኝ ይዛ፣ ወፎቹን በ«ሽሽ!» እያስነሳች ትምህርት ቤት ታደርሰን ነበር። ትምህርት ቤቱ ግድግዳው ጭቃ፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ኮርኒስ የሌለው አንድ ረጅም ቤት ነበር። ቆርቆሮው ግን አዲስ ነው፤ ገበሬዎቹ አዋጥተው ያለበሱት ስለሆነ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ እያዩ ይኮሩበት ነበር።

ከየካቲት በኋላ ሙቀቱ ቀስ እያለ ገባ። መጋቢት ላይ ጠመኔው በላብ እየተንሸራተተ ከአባቴ እጅ ይወድቅ ጀመር። ሚያዝያ ሲገባ ደግሞ ጣሪያው ከረፋዱ ጀምሮ ሲንጣጣ ይውል ነበር፤ የአባቴ ድምፅ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ድምፅ ርቆ ይመጣል፣ ሰሌዳው ላይ ያሉት ቁጥሮች እንደ ዓሣ ይዋኛሉ፣ አንዱ ልጅ ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አባቴ አይቀሰቅሳቸውም ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ነቅተን ለቀረነው ብቻ ያስተምር ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ቀን ትርንጎ ወደቀች። አንደኛ ክፍል ነበረች። ከግድግዳው ማዶ ወንበር ሲገለበጥ ሰማን፣ ቀጥሎም ልጆች «መምህር! መምህር!» እያሉ ሲጮኹ። አባቴ ጠመኔውን ጥሎ ሮጠ፤ እኔም ተከተልሁት። ታቅፏት ወጥቶ ግቢው ውስጥ ካለው ሾላ ሥር አስተኛት፤ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ተከፍቶ እኛን አታይም ነበር። ዝና ውኃ ይዛ ደረሰችና ራሷ ላይ ደጋግማ ስታፈስባት፣ ትርንጎ ቆይታ፣ ቆይታ፣ «እማ» አለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደሟን መርምራ «ወባ አይደለም፤ ሙቀቱ ነው የጣላት» ብላ መለሰችን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ ትርንጎን ጭኗ ላይ አስተኝታ ደጅ ተቀምጣ ነበር። አባቴ ከፊቷ ቆመ።

«ዝጋው» አለችው። «ሙቀቱ እስኪያልፍ ዝጋው።»

«ወለላ፣ ከዘጋሁት አይመለሱም።»

«ማነው የማይመለሰው?»

«ትልልቆቹ። ሐሙሲት አጠገብ ሳስተምር ኩፍኝ ገብቶ ጥቂት ሳምንት ዘግተን ነበር። ስንከፍት የኋላው ወንበር ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ሴቶቹ ተድረው፣ ወንዶቹ ለሥራ ሄደው። ደጅ ለደጅ ብዞር ማንን ልመልስ?»

«እሷስ?» አለች እናቴ፣ የትርንጎን ግንባር እየዳበሰች። «እሷ ብትሄድብኝ ከየት ትመልስልኛለህ?»



በነጋታው እናቴ የደብተር ቦርሳችንን ግድግዳው ላይ ሰቅላ «የትም የለም» አለችን። አባቴ ብቻውን ይሄድ፣ ብቻውን ይመለስ ጀመር። ለእኔ ግን እነዚያ ቀናት ጣፋጭ ነበሩ። እናቴ ወለሉ ላይ ውኃ ትረጭና፣ አሮጌ ነጠላ ነክራ በሩ ላይ ትሰቅል ነበር፤ ነፋስ ሲመጣ እርጥቡ ጨርቅ ወደ ውስጥ ይነፋና ቀዝቃዛ አየር ፊታችን ላይ ይተነፍስ ነበር። ሰሌን ላይ ጎን ለጎን ተጋድመን፣ በቀዳዳ የገባች የፀሐይ ጨረር ግድግዳው ላይ ስትጓዝ በዓይናችን እየተከተልን፣ መንቃታችንም መተኛታችንም ሳይታወቀን ቀኑ ይመሽ ነበር። ትርንጎ በእንቅልፍ ልቧ የጋፋትን ምንጭ ታወራለች፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እግሬን እዚያ ውኃ ውስጥ እነክር ነበር።

አንድ ጠዋት ሠራተኞች የጫነ አይሱዙ በደጃችን ሲያልፍ ዝና ከላይ ሆና እጇን አውለበለበችልን። ራሷን በሻርፕ ጠምጥማለች። መኪናው ጉድባውን ለማለፍ ቀስ ሲል እናቴ ወጣች።

«ዝና! ወዴት ነው?»

«ሽንኩርት ነቀላ፣ እትዬ ወለላ!»

«ትምህርቱስ?»

«አባቴ ‹የመምህሩ ልጆችም ቀርተዋል፣ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?› አለኝ!» ብላ ስትስቅ መኪናው ይዟት ሄደ።

እናቴ አቧራው ረግቶ መንገዱ እስኪጠራ ድረስ እዚያው ቆማ ቀረች። ከዚያ እኩለ ቀን ሲሆን ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኔን አስከትላ ትምህርት ቤት ሄደች፤ አባቴ ወደሚያስተምርበት ክፍል ገብታ ልጆቹ መሐል፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባቴ አያት፤ ትምህርቱን ግን አላቋረጠም። እሷም ደወል እስኪደወል አልተነሳችም። ስንወጣ ላቡ ከአገጯ ይንጠባጠብ ነበር።

«ልክ ነህ፣ አትዝጋው» አለችው። «ግን በዚህ ሰዓት ማንም ልጅ እዚህ ውስጥ አይቀመጥ። ጎህ ሲቀድ ጀምር።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች ሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ጋሽ ፈንታ የሚባሉ ሽማግሌ ብድግ ብለው «መምህር፣ አንቱ ልጆቹን በጨለማ ከወሰዱብን ከብቱን ማን ያወጣል? መንገዱስ ላይ ጅብ አለ» አሉ።

አባቴ አፉን ሳይከፍት እናቴ ቀደመች። «ፀሐይዋ ሳትበረታ ይመለሱልዎታል፣ ጋሼ። ስለ ጅቡ አያስቡ፤ እኔና መምህሩ ፋኖስ ይዘን ከፊት እንሄዳለን። እኔም ልጆቼን ነው የማመጣ።»

ከብዙ ጉምጉምታ በኋላ እሺ ተባለ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ግንቦት በሕይወቴ ካየሁት ወር ሁሉ ይበልጥ ሕልም ይመስለኛል። ኮከቦቹ ገና ሳይጠፉ እናታችን ፋኖሷን አንሥታ ትወጣለች፤ ትርንጎ አባታችን ትከሻ ላይ ሆና ትተኛለች፤ ከየቤቱ የሚወጡ ልጆች ሳያወሩ፣ እያዛጉ፣ ከኋላችን ይቀላቀላሉ፤ ሜዳው ላይ የወረደው ጉም እስከ ጉልበታችን ይመጣና በደመና ላይ የምንራመድ ይመስለኝ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ቆርቆሮው ዝም ያለ፣ ቀዝቃዛ ነበር። ማባዛትን የተማርሁት በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሰሌዳውን ስትነካ መውጫችን ደርሷል ማለት ነበር።

ዝና ግን አልተመለሰችም። አባቴ ደጋግሞ ቤቷ ሄደ፤ አንዳንዴ እናቴም አብራው ትሄድ ነበር። ሽንኩርቱ ሲያልቅ ሌላ ሥራ ተገኘላት፤ ቆይቶም ዐረብ አገር ሄደች ሲባል ሰማን። ስሟ ሲነሣ እናቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር።

ሰኔ መጥቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወግረው ትምህርት ተዘጋ፤ እኛም ክረምቱን ልናሳልፍ ወደ ጋፋት ወጣን። እሳት ዙሪያ ተኮራምተን ስለ ሙቀቱ ስናወራ የአክስቶቻችን ልጆች ተረት የምንነግራቸው ይመስላቸው ነበር።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት፣ ሙቀቱ ስለበረታ ለጥቂት ቀናት ይዘጋ ወይስ አይዘጋ ብሎ በቴሌግራም ወላጆችን ጠየቀ። ደብረ ታቦር ደወልሁ። ጡረታ የወጣው አባቴ «አይዘጋ፤ በጠዋት ይጀምሩ» ሲል፣ እናቴ ከጀርባው «ቤት ካላቸው ይረፉ እንጂ!» ስትል ይሰማኛል። ተዘጋ። ልጄ ምሳዋን በልታ፣ ቬንትሌተሩ ሥር መጽሐፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ተኛች፤ ሲከፈት እንደምትመለስ ለአፍታም አልተጠራጠርሁም።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። በልጄ ዕድሜ ያለች ልጅ የታሸገ ውኃ በባልዲ ይዛ ቆማለች። አንዱን ገዛሁ።

«ትምህርትሽስ?» አልኋት።

«ተዘግቷል።»

«ሲከፈት ትሄጃለሽ አይደል?»

«እንጃ» አለችና ባልዲዋን አንሥታ ፀሐዩ ውስጥ ገባች።

አባቴ ቢሆን የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቆ፣ ቤቷ ድረስ ይከተላት ነበር። እኔ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት፣ ሙቀቱ እንዳይገባ ብዬ በሩን ዘጋሁት።