ፍርግርጉን ያልቆጠረው ሠዓሊ

የልጆች መጻሕፍት ሥዕል በመሣል ነው ያረጀሁት። ጥንቸል፣ ጅብ፣ ንጉሥ ካላችሁኝ እያንቀላፋሁም እሥልላችኋለሁ። ወደ ሕንጻ ስመጣ ግን የራሴ ፈጠራ የለኝም፤ ከድሬዳዋ ነው የምሰርቀው። ለንጉሡ ግምጃ ቤት የከዚራን የባቡር ሠራተኞች ቤት እሰጠዋለሁ፤ ለዳኛው ጅብ የቀፊራን ገበያ በር። ለልዕልቶች በሙሉ ደግሞ አንድ ሰገነት ነበረኝ፤ መጋላ ሰፈር ውስጥ ከአንዲት ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በላይ ያለ፣ ፊቱ በሙሉ የእንጨት ፍርግርግ የሆነ። የዱሮ ሴቶች ሳይታዩ መንገዱን የሚያዩበት ነበር። እኔም ፊት ለፊቱ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጬ “ታሪክ እያጠናሁ ነው” እያልኩ ስንት ዘመን ሻይ ጠጥቻለሁ።

አምና ሰገነቱን ምስጥ በላው። ሰው ላይ እንዳይወድቅ ተብሎ በአንድ ጠዋት ፈረሰ፤ እንጨቱም ማገዶ ሆነ። የሱቁ ባለቤት እኩያዬ ናት፤ ቤቱ ከአባታቸው የወረሱት የእሷና የሁለት ወንድሞቿ ነው። ወንድሞቿ “ብሎኬት ደርድረን በአሉሚኒየም መስኮት እንዝጋው” አሉ። እሷ እንደነበረው ካልሆነ ሞቼ ልገኝ አለች። አናጢው መሐል ገብቶ፣ “እንዴት እንደነበረ የሚያሳየኝ ካለ እሠራዋለሁ፤ ከሌለ ብሎኬቱ ይሁን” አለ። በየስልኩ የተገኘው ፎቶ ደግሞ ሁሉም የሰርግ ነው፤ ሙሽራዋ ጥርት ብላ ትታያለች፣ ሰገነቱ በጨርቅና በመብራት ተሸፍኗል።

“ወሪያ!” ብላ ከሱቋ ደጅ ጠራችኝ፤ በድሬ አፍ “አንተ!” ማለቷ ነው። “ዕድሜህን ሙሉ የእኔን ቤት ስትሥል አይደል እንዴ የኖርከው? ለወንድሞቼ ነግሬያቸዋለሁ። ዓርብ ከስግደት በኋላ ይመጣሉ፤ ሥዕልህን ይዘህ ና።”

“አንድ ብቻ? ሠላሳ አመጣልሻለሁ!” አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ቤቴ ገብቼ ሥዕሎቼን ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸው። አንዱ ላይ ሰገነቱ ዘጠኝ ቅስት አለው፤ ሌላው ላይ ሰባት። አንዱ ላይ ጭራሽ ወደ ጎን ዞሯል፤ ልዕልቷ በደንብ እንድትታይ ብዬ ነው። ፍርግርጉስ? እርሳሱን አጋድሜ ቸከቸክ፣ ሦስት ጭረት፣ አንድ ጥላ፣ አለቀ! አሳታሚዎች “አቤት ጥንቃቄህ!” እያሉ ያመሰገኑኝ በዚህ ነው። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ለአናጢ የሚሆን አንድ መስመር አጣሁ።

በማግስቱ ባዶ እጄን ሄድኩ።

“ሠላሳው የት አለ?”

“እህቴ፣ ዋሽቼሻለሁ። ቤትሽን ስሥለው እንጂ አይቼው አላውቅም።”

መንገደኛው እስኪዞር ድረስ ሳቀችብኝ። ከዚያ ሳቋ ድንገት ቆመ። የያዘችውን ጨርቅ አስቀምጣ፣ “አቦ፣ እንግዲህ ብሎኬት ሊሆን ነዋ” አለች። ያን ጊዜ ነው በእውነት ያፈርኩት።

“እስቲ ላይ እንውጣ” አልኳት። ደረጃውና ጉልበቴ እየተቀባበሉ እየጮኹ ወጣን። ወደ ሰገነቱ የሚያስወጣው በር በቆርቆሮ ተዘግቷል። ቆርቆሮውን ገለል አድርጌ አንገቴን አሰገግሁ። ተሸካሚዎቹ እንጨቶች የተሰኩባቸው ጉድጓዶች ግድግዳው ላይ አሉ፤ ስድስት ናቸው። ሰገነቱ ግድግዳውን የነካበት ቦታ ላይ የዱሮው አረንጓዴ ቀለም መስመር ሠርቶ ቀርቷል፤ ቁመቱ ይኸው። ጨርቅ የምትለካበትን ሜትር ተቀብያት ለካሁ፣ ጻፍኩ። ለካ ቤቱ ሁሉንም አስቀምጦልኛል፤ እኔ ሻይዬን ሳማስል።

“ቀዳዳዎቹ አራት ማዕዘን ነበሩ አይደል?” አልኳት።

“ማን አለህ? ሳምቡሳ ነበሩ።”

“ሳምቡሳ?”

“ሁለት ሳምቡሳ፣ ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ።” በጠመኔ ወለሉ ላይ ሣለችልኝ። “ልጅ ሆኜ ክንዴ ድረስ ያልፍልኝ ነበር። አምና አራት ጣቴ ብቻ።”

“አላበዛሽውም? በጣም ሰፋ።”

“ጣቱ የእኔ ነው የአንተ?”

አራቱን ጣቶቿን ለካሁ።

ዓርብ ወንድሞቿ መጡ፤ አናጢውም ነበር። የዘረጋሁላቸው ሥዕል ሰማይ የለው፣ እርግብ የለው፣ ልዕልት የለው፤ ቁጥር ብቻ። እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ታላቁ መነጽሩን አድርጎ ቁጥሮቹን በጣቱ አንድ በአንድ ተከተለ። ከዚያ እርሳሴን ከእጄ ወሰደና፣ “የታችኛው ረድፍ ድፍን ነበር፤ ዕቃ እንዳንጥል አባታችን በጣውላ ደፍኖታል” ብሎ ሥዕሌ ላይ ሰረዘ። ታናሹ “አንድ ረድፍ አይደለም፣ ሁለት ነው!” አለ። እህታቸው ሁለቱንም ተቆጣቻቸው። ክርክሩ ወደ ሶማሊኛ ዞረ፤ ቋንቋውን ስለማልሰማ፣ የገባኝ እጃቸው አየሩ ላይ የሚሠራው ሰገነት ብቻ ነው። ብሎኬት የሚል ቃል ግን ከማንም አፍ አልወጣም።

በመጨረሻ በአንድ ረድፍ ተስማሙ። አናጢው ወረቀቴን አራት ቦታ አጥፎ የኋላ ኪሱ ውስጥ ከተተና እንጨት ሊያማርጥ ባጃጅ ውስጥ ገባ። ሥዕሌ ላይ ተቀምጦ ሄደ።